አንድ ጥርስ

መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «ሆዴ ውስጥም አልተቀመጥክልኝ» ትለኛለች፤ አምናታለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከሌላው ቀን ሁሉ ባሰብኝ። ጋራዡን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። ንጹሑን መፍቻ ሁሉ አንድ በአንድ ወለወልኩ። ኮምፕረሰሩን አስነሳሁና ምንም ሳልነፋበት አጠፋሁት። እህቴ በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ ልትሄድ ነው፣ እኔና እሷ ደግሞ ከተነጋገርን ሦስት ሳምንት ሆኖናል።

የምትሄደው ዘመድ ልትጠይቅ አይደለም። ሌላ ከተማ ያለ የአውቶቡስ ድርጅት የሞተር ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጥሯታል። ወሬውን የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እናቴም የነገረችው ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ነው። «ነገ በዘጠኝ ሰዓት ትሄዳለች አሉ» አለች ሳህን እያጠበች። አሉ! የገዛ ልጇን ነገር እኮ ነው ከሰው እንደሰማች የምታወራው። ገባኝ፤ መልስ እንዳልሰጣት ግን ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሰፈሩ እኔን «ለማንኛውም» ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጣችልኝም እሷው እህቴ ናት። ቡሎን ካጠበቅኩ በኋላ ለማንኛውም ብዬ ሩብ ዙር እጨምራለሁ። ዘይቱ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ለማንኛውም ብዬ ጠብ አደርግበታለሁ። ሁለት ብረት ስገጥም ዘይት እንዳያፈስ መሃሉ ላይ ሲሊኮን ይቀባል፤ እሱንም ለማንኛውም ብዬ እደግመዋለሁ። «ይቺን ቃል አንድ ቀን ከአፍህ ላይ በመፍቻ እፈታታለሁ» ትለኝ ነበር። እሷ ልክ ላይ የምታቆም ሰው ናት። ደንበኞቹ «ነጥብ» ይሏታል፣ ምክንያቱም የሞተር ሰንሰለት ስትገጥም ጊሩና የሞተሩ አካል በሚተያዩበት ቦታ ሁሉ በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጋለች። ጋራዡን ከአባታችን ወርሰን እኔ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተንበታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ያቺ መኪና ተገፍታ መጣች። ነጭ ናት፣ ጣሪያዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ ተሸክማለች። ከኋላ ሁለት ለማጅ ሾፌሮች ይገፋሉ፤ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው በመስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ይዞ ከጎኗ ይራመዳል፣ እየተራመደም ያስተምራል።

«ስትገፉም ቢሆን ኋላችሁን ተመልከቱ!»

ወዲያው አወቅኳት። እኔንና እህቴን ያጣላችን ይቺው መኪና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሥራ በተማርኩባቸው ሞተሮች፣ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ የሚከፈትበት ሰዓት አንዴ ከታሰረ ታሰረ ነው፤ ሰንሰለቱን ልክ አስገብተህ ትዘጋለህ፣ አለቀ። በአዲሶቹ ግን ሰዓቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ቪቪቲ የሚሉት እሱን ነው። እህቴ ስታስረዳኝ «ሰው ሲሮጥና ሲተኛ እኩል ይተነፍሳል እንዴ ጋሼ?» ነበር ያለችኝ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ጫፉ ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ጊር አለው። ዘይት ይገባበትና ሲገፋው ካምሻፍቱ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ቫልቮቹም ቀደም ብለው ይከፈታሉ። ዘይቱ ሲለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል። ዘይቱን የምትልከውና የምትመልሰው አውራ ጣት የምታክል፣ በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ የዘይት ቫልቭ ናት። «ሞተሩ ሰዓቱን የሚያየው በዘይት ነው» ትል ነበር። «ዘይቱ ከቆሸሸ ወይ ከወፈረ ሰዓቱ ይጠፋበታል።» እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማትና በሆዴ «ሰንሰለቱ ልክ ከገባ ሌላው ወሬ ነው» እል ነበር።

ከሁለት ወር በፊት የዚህችን መኪና ሰንሰለት ቀየርን። ሰንሰለቱንና ጊሮቹን እሷ ገጠመች፣ ነጥቦቿንም አደረገች። የፊት ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አስተማሪው ተመልሶ መጣ፤ መኪናዋ ልትቆም ፍጥነት ስትቀንስ ትጠፋለች፣ የሞተር መብራቷም በርቷል። እህቴ የሞተሩን ችግር የሚያሳየውን የኮድ ማንበቢያዋን ሰክታ አየች።

«ካምሻፍቱ ቀድሞ ሄዶ አልመለስ ብሏል» አለች። «የዘይት ቫልቭዋን እንያት። አንድ ቡሎን ናት፤ አሥር ደቂቃ አትፈጅም።»

እኔስ ምን አልኩ? በአስተማሪውና በሁለት ተማሪዎች ፊት «ቫልቭ ቫልቭ አትበይብኝ፤ አንድ ጥርስ አሳልፈሽ ነው የገጠምሽው» አልኩ።

ሰንሰለት ለሚገጥም ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሰንሰለቱ ጊሩ ላይ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ በሙሉ ይዛነፋል። «አንድ ጥርስ አሳለፍክ» ማለት «ዓይንም እጅም የለህም» እንደ ማለት ነው።

«ክፈትና እየዋ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ከፍቼ አላይም። እኔ ሰምቼ ነው የማውቀው።»

«እየሰማህ እኮ አይደለም ጋሼ።»

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። «የጥፍር ቀለም ቀቢ ሞተር ሲሰጣት እንዲህ ነው!» አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ። ሊያመልጠኝ ሲል አይቼው ነው የለቀቅኩት።

እህቴ እጇን ጣት በጣት ጠረገች፣ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስታችን ቤት ናት። ቁልፏን እኔ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ለምን እንደምዞር ራሴንም አልጠየቅኩት። መኪናዋን ደግሞ ወፍራም ዘይት ሞላኋት፣ የአየር መግቢያዋን አጠብኩና «ተሠርታለች» ብዬ ሰደድኳት። የዘይት ቫልቭዋን አልነካኋትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ብነካት ምን እንደማገኝ የፈራሁ ይመስለኛል።

አሁን አስተማሪው ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ተማሪዎቹን አሰናበተና ወደ እኔ ዞረ።

«የሚያናድደኝን ታውቃለህ?» አለ። «አንተ ‹ተሠርታለች› ስትለኝ አመንኩህ። መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ተማሪዎቹ ላይ ስጮህ ከረምኩ። ፍሪሲዮን ቶሎ ለቀቅሽ፣ ፍሪሲዮን ቶሎ ለቀቅህ! ዛሬ ጠዋት በራሴ እግር ጠፋች።»

«ፍሪሲዮን ቶሎ ለቅቀህ ይሆናል» አልኩ።

አልሳቀም። እኔም ደስ ብሎኝ አልነበረም የቀለድኩት።

«አንዲት ልብስ ሰፊ ተማሪ ነበረችኝ። ሃምሳ ዓመቷ ነው። ፈተናው ላይ የትራፊክ መብራቱ ጋ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። ወረደችና ‹እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፣ ይቅርብኝ› አለች። እኔም አፈር በበላሁ ‹አዎ ይቅርብሽ› አልኳት። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ሰው፣ ‹መኪናዋ ትሆን እንዴ?› ያለ የለም።»

 መፍቻ ፍለጋ ዞርኩ፣ መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ቀጥታ ወደ ዘይት ቫልቭዋ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። የላይኛውን የሞተር ክዳን ለመፍታት ተጣደፍኩ፤ ክዳኑ ከተነሳ የእህቴ ነጥቦች ይታያሉና። እውነቱን ልናገርና ልገላገል፤ አንድ ጥርስ አልፎ እንዳገኘው እየጸለይኩ ነበር የፈታሁት። የእናቴ ልጅ እንድትሳሳት ጸለይኩ። ከተሳሳተች እኔ ልክ ነኝ፣ ልክ ከሆንኩ ደግሞ አውቶቡሱ በሰላም ሊሄድ ይችላል።

 የፈታኋቸውን ቡሎኖች ያስቀመጥኩበትን ሳህን በክርኔ መታሁት፤ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ሁለቱ መኪናዋ ሥር ገቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው እኔን አይተው የተረቱት ነው። በሆዴ ተኝቼ ስለቅም ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ረጅሙን መፍቻ ከታች አስገብቼ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት። ቀስ እያለ ዞረ። ነጮቹ ነጥቦች ከአንድ ጎን ብቅ አሉ፣ ወደ ላይ ወጡ፣ ቀረቡ። 

ነጥብ ከነጥብ ጋር ገጠመ። በሁለቱም ካምሻፍት። መሃላቸው ፀጉር አይገባም።

መፍቻውን ወደ ኋላ መለስ አድርጌ እንደገና ሁለት ዙር አዞርኩት፣ ለማንኛውም ብዬ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም አዞርኩት። አስተማሪው «ምንድነው የምትፈልገው?» አለኝ። ስህተት እንደምፈልግ ልነግረው አልቻልኩም።

እናቴ የገባችው ያኔ ነው። የእህቴን ሰማያዊ ቱታ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛዋለች። ልትሸኛት መሄዷ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ዘይት፣ አቧራ፣ ላብ።

«አትመጣም?»

«ሥራ አለኝ እማዬ።»

«ሥራ መቼ ጠፍቶህ ያውቃል?» ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። እናቴ አርባ ዓመት ከመካኒክ ጋር የኖረች ሴት ናት፣ ሞተር አያስደነግጣትም። «ይቺ የሷ ነጥብ አይደለች?»

«ናት።»

«ተሳስታለች?»

ዝም ማለት ፈልጌ ነበር። እናቴ ግን ዝም ስትባል የምትሄድ ሰው አይደለችም፤ ቱታውን ከክንድ ወደ ክንድ አዛውራ ጠበቀችኝ።

«አልተሳሳተችም» አልኩ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» ወደ በሩ ሄደችና ደጃፉ ላይ ቆመች። «አንተ በሁሉ ነገር ላይ ለማንኛውም እያልክ ትጨምራለህ። ይቅርታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው እጅህ የሚያጥረው። አባትህም እንዲሁ ነበር፤ ሳይለው ሞተ።»

ሄደች። አባቴ ምን ሳይላት እንደሞተ አልጠየቅኳትም። ስድስት ሰዓት አልፏል።

የዘይት ቫልቭዋ ሞተሩ ላይ ከፊት በኩል በአንዲት አሥር ቁጥር ቡሎን ታስራ ተቀምጣለች። አንድ ቡሎን። ሦስት ሳምንት የሸሸኋት ቡሎን በሁለት ዙር ላላች። ሽቦዋን ነቀልኩ፣ ቫልቭዋን ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ ሳብኳት፤ በዘይት ተጠቅልላ ወጣች። በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን አነሳኋት። ወገቧ ላይ ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መስኮቶች አሏት። በአንደኛው መስኮት ላይ የሆነ ነገር ተነክሶ ቀርቷል። በቀጭን ካቻቪቴ ጎተትኩት።

ቀይ ነው። ሩዝ የሚያክል፣ እንደ ማስቲካ የሚሳብ። ሲሊኮን።

 እህቴ የምትቀባው ግራጫውን ነው፣ እንደ ክር አቅጥና። ቀዩ የእኔ ነው፤ በጋራዡ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። የፊት ክዳኑን ስዘጋ አንድ ዙር ቀብቼ፣ ለማንኛውም ብዬ ሌላ ዙር ደርቤበት ነበር። በዚያ ክዳን ውስጥ ደግሞ ወደ ዘይት ቫልቭዋ የሚሄደው ዘይት ያልፋል። ቡሎኑን ሳጠብቀው የተረፈው ሲሊኮን ተጨምቆ ወደ ቀዳዳው ገብቷል፤ ቁራጩ ተነቅሎ በዘይቱ ሄዷል፣ ሄዶም ቫልቭዋን ግማሽ ክፍት አድርጎ ነክሷታል። ካምሻፍቱ ቀድሞ የቀረው፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር የጠፋችው፣ ልብስ ሰፊዋ የወደቀችው፣ እህቴ ቁልፏን ያስቀመጠችው በዚህች ነው።

«ምን አገኘህ?» አለ አስተማሪው ከበስተኋላዬ።

«ቆሻሻ» አልኩ፣ እጄን ጨብጬ።

እንግዲህ ሰው ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ‹ማንም አላየም› የሚል ነው። አጥቤ እገጥማታለሁ፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ አስተማሪው ያመሰግነኛል። እህቴ በዘጠኝ ሰዓት ትሄዳለች። ‹አንድ ጥርስ› የሚለው ነገር ከእሷ ጋር ይሄዳል፣ እኔ ጋ አይቀርም። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ሲሊኮኗን ከቆሻሻው በርሜል በላይ ይዤ ቆምኩ። ጣቴን ልከፍት ስል የእናቴ ‹ሳይለው ሞተ› ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሲሊኮኗን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከቁልፉ ጋር ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ከዚያ በኋላ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ቫልቭዋን አጠብኩ። ከባትሪ ሁለት ሽቦ አውጥቼ ነካ አደረግኋት፤ ጭ ብላ ተገፋች፣ ስለቃት ጭ ብላ ተመለሰች። ያንን ወፍራም ዘይት አፈሰስኩት፣ ፊልትሮዋን ቀየርኩ፣ ልኳ የሆነውን ቀጭን ዘይት ሞላሁ። ልኩ ላይ ሲደርስ እጄ ጣሳውን እንደገና ሊያዘነብል ሲል «ተው!» አልኩት። አስተማሪው ማንን እንደተቆጣሁ ለማየት ዞር ዞር አለ። የላይኛውን ክዳን ዘጋሁ፤ ሲሊኮን ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ፣ ግራጫውን፣ እንደ ክር አቅጥኜ።

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አንኳኳ፣ ዘይቱ ሲደርሰው ዝም አለ። ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ሚኒሞው ረጋ። እንደዚያ የረጋ ነገር በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከሃያ።

«መምህር፣ ለሙከራ እንውጣ» አልኩት።

«ወዴት?»

«አውቶቡስ መናኸሪያ።»

ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ እንደ ልማዱ ከጎኔ። የማሰልጠኛ መኪና መሆኗን የዘነጋሁት የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው፤ እኔ ነዳጅ ስረግጥ እሱ በራሱ በኩል ባለው ፍሬን ያዘኝ።

«መስታወት አላየህም።»

«መምህር፣ እኔ መካኒክ ነኝ!»

«መካኒክ መስታወት አያይም?»

ጣሪያችን ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ አለ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋብኛል፣ የሚያልፈኝ ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል፤ አንዱ የታክሲ ሾፌር «አይዞህ አባቴ፣ ትለምደዋለህ!» ብሎኝ አለፈ። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና የጠገንኩ ሰው እንደዚያ ዓይነት አዘኔታ አግኝቼ አላውቅም።  ስምንት ተኩል ሆነ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ስንደርስ ቀይ በራ፤ ልብስ ሰፊዋ የወደቀችበት መብራት ነው። ፍጥነት ቀነስኩ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ቆምኩ። ሁለታችንም ሞተሩን አዳመጥን። ሞተሩ አልጠፋም። መኖሩ እንኳ አይሰማም።

«ቆሻሻ አይደለም ያገኘሁት» አልኩ፣ ፊት ለፊቴን እያየሁ። «የራሴ ሲሊኮን ነው። እህቴ ምንም አላጠፋችም።»

አስተማሪው አረንጓዴ ሲበራ «ሂድ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔም እዚያች ልብስ ሰፊ ቤት መሄድ አለብኝ» አለ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ፍሬኑን አልነካብኝም።

መናኸሪያው ሰው በሰው ነው። ሻንጣ፣ ፍራሽ፣ በገመድ የታሰረ ካርቶን። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሮጥኩ፤ አስተማሪው ቁልፉን ነቅሎ ተከተለኝ። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። እህቴ ከበሩ አጠገብ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ቱታውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እናቴ ከጎኗ ቆማለች። እህቴ እኔን ከማየቷ በፊት በአጥሩ በኩል መኪናዋን ነው ያየችው፣ ሰሌዳዋን፣ ቀጥሎ እኔን።

«መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው ጋሼ?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ጨርቁን ከኪሴ አወጣሁና ሰጠኋት። ፈታችው። ቀዩን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም፤ በጣቷ ገለበጠችው፣ ሳበችው፣ አሸተተችው።

«በፊት ክዳኑ ቀዳዳ ነው የገባው» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ሁለት ዙር ቀብተህ።»

«ሁለት ዙር።»

«ለማንኛውም ብለህ።»

«ለማንኛውም ብዬ።»

ቀና አለች። «ጥርሱስ?»

«ልክ ነው። ሦስት ጊዜ አዞርኩት። አንድም አላለፈም።» አላቆምኩም፤ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቃለሁ። «በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፣ በሰው ፊት ልንገርሽ። መምህር፣ ስማኝ። እማዬ፣ አንቺም ስሚ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከፍቼ ማየት አሥር ደቂቃ ነበር፣ ፈርቼ ነው ያላየሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ ቆሞ ያየን ነበር። እናቴ «እለፍ፣ የቤት ጉዳይ ነው» አለችው።

እህቴ ጨርቁን አጣጠፈች። «ጥርሱንስ ተወው፤ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «የጥፍር ቀለም ያልከው ነው አንጀቴን የቆረጠው። ሳቁብኝ እኮ።»

«ለእሱም። ከሁሉ በላይ ለእሱ።»

በቱታው እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።  ከዚያ መካኒክ አይደለች፣ «ወንፊቷንስ አወጣሃት?» አለችኝ።

«የቷን ወንፊት?»

«ወይ አንተ! ከቫልቭዋ ጎን ትልቅ ቡሎን አለ፣ ከበስተኋላው ጥፍር የምታክል ወንፊት ተቀምጣለች። ቫልቭዋን የነከሳት ከወንፊቷ ያመለጠው ነው፤ ብዙው እዚያ ነው ያለው። እሷን ካላጠብክ በሳምንቱ ትመለሳለች።»

«ማን፣ አንቺ?»

«መኪናዋ!»

«እንግዲያስ አላጥባትም» አልኩ።

እናቴ ቀድማ ሳቀች፣ ከዚያ አስተማሪው። እህቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰችና አልሆነላትም። ስትስቅ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ በዘይት ስትጨማለቅ የነበረችውን ልጅ አየኋት፤ ያኔ ነው እሷን ማጣቴ በደንብ የገባኝ።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሻንጣዋን አነሳሁ፣ ለማስቀረት ይሁን ለማሳፈር ሳልወስን ይዤው ቆምኩ።

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ ጋሼ። ሞተር ክፍሉን በሙሉ ለእኔ ነው የሰጡኝ። ደግሞ የተቀጠርኩት አኩርፌህ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ወድጄው ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ከዓይኗ ያስታውቃል። ይቅርታዬ ሊያስቀራት እንደማይችል ያኔ አወቅኩ፤ ይቅርታ ያልኩት ግን እንዲያስቀራት ብቻ አለመሆኑ እኔን ራሴን ገረመኝ። ሻንጣዋን አሳፈርኩላት። እናቴን ሳመች፣ አስተማሪውን ጨበጠች፣ እኔን አንገቴ ላይ አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም፤ ንጹሕ ልብሷ ላይ የእጄ ዘይት ቀረ። ደረጃው ላይ ወጣች። ከሁለተኛው ደረጃ ዞረችና እጇን ዘረጋች።

«ቁልፌን ስጠኝ።»

«የጋራዡን?» አልኩ። ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። «ልትሄጂ አይደል እንዴ? እዚያ ምን ያደርግልሻል?»

እጇን አላጠፈችም። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኑሬላት ከጎኑ እየተራመድኩ ነው።

«ለማንኛውም» አለች።